ማኅበራዊ አገልግሎትን የሚከታተለው የከተማ ኮሚቴ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖርበት ከተማ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው አስፋልት ዳር ነው። በከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠብቆ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀኝ ነገር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቆሜ ስመልስ የማሳጥረውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ኮሚቴው የመንግሥት ነው ወይስ የሕዝብ?

ሁለት እግር አለው። አንዱ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሕዝብ የመረጣቸው አባላት በማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተደራጅተው የጤና፣ የትምህርት፣ የሴቶች ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶችን ጠርተው ሪፖርት ይሰማሉ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ያያሉ። ሌላው እግሩ ቀበሌ ላይ ያለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። በወረቀት «የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት» ይባላል፤ ሰፈርተኛው ግን «የችግረኞች ኮሚቴ» ነው የሚለው። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም የማኅበረሰቡን ተሳትፎ ከመንግሥት ሥራ ጎን ያቆመዋል። ምክር ቤቱ ሥልጣን አለው፣ ግን የትኛው ጓሮ ውስጥ ማን እንደተኛ አያውቅም። የቀበሌው ስብስብ ጓሮውን ያውቃል፣ ግን ኃላፊ ጠርቶ ማስጠየቅ አይችልም። ሁለቱ ሲናበቡ ሥራው ይሄዳል። ሳይናበቡ ሲቀሩ ደግሞ ምክር ቤቱ ሪፖርት ያዳምጣል፣ ቀበሌው ያዝናል፣ ሰውየው እንደተኛ ይቀራል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ዕድር ነው ብለው የሚያስቡም አሉ። አይደለም፤ ዕድር መዋጮ ለከፈለ አባሉ ይደርሳል። እኛ የምንሄደው በአብዛኛው ዕድር መግባት ወዳልቻለው ሰው ነው። ሆኖም ያለ ዕድሮች ምንም አንሠራም፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

ብር ወይም እህል ትሰጣላችሁ?

አንሰጥም። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሰሞን ነጋዴዎች የሚያዋጡትን ዘይትና ዱቄት እናከፋፍላለን፤ ያም በዓመት ሁለቴ ነው። ሥራችን ለሰውየው በሕግና በአሠራር የተፈቀደለት ነገር እጁ እንዲገባ መከራከር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ኢትዮጵያዊ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል፤ መንግሥት ደግሞ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን፣ አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት እንዲደርስ ያዛል። ስለዚህ ደጃችን የሚመጣውን ሰው እንደ ተለማኝ አናየውም። ያልደረሰው ድርሻ አለው።

አባላቱ እነማን ናቸው?

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከሰበካ ጉባኤ አንድ፣ ከመስጊድ አንድ፣ የዕድር ዳኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር አንድ፣ ሁለት ወጣቶች። ቦታ ቦታው ላይ ይለያያል። ከሁሉም ይልቅ የጠቀመችን ግን ጉሊት የምትቸረችር አባላችን ናት። ቃሪያና ሽንኩርት በመደብ በመደብ ስትሸጥ ትውላለች። የዘወትር ደንበኛዋ ሦስት ቀን ሳይመጣ ከቀረ ልብ ትላለች፤ ትልቅ ሽንኩርት ትገዛ የነበረች ሴት ወደ ትንሿ መደብ ስትወርድም ልብ ትላለች። «እትዬ፣ እከሊት ጠፋች» ስትለኝ ብዙ ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

«እንከታተላለን» ስትሉ በተግባር ምንድን ነው?

በዋናነት ወረፋ ላይ መቆምና መጻፍ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እንደማንኛውም ሰው እንቆማለን። ትምህርት ቤት ስንሄድ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ መኖሩን እናያለን። የቦኖው ውሃ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈትና ተረኛው ማን እንደሆነ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት በአንድ ጤና ተቋም የጤና መድን ደብተር የያዘ ሰው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ይግዙ» እየተባለ ይመለስ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ስብሰባ ላይ «ሕዝቡ እያማረረ ነው» ስንል ግን «አልፎ አልፎ ያጋጥማል» የሚል መልስ ይሰጠንና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል። ሁለት ስብሰባ እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ለአንድ ወር ማዘዣ ሰበሰብን። ከውጭ የገዛ ሰው ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዞ ወደ አባላችን መደብ ይመጣል፤ እርሷ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች፣ ወጣቶቹ ማታ በደብተር ያሰፍሩታል። ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የወጣው ብር። የሰው ስም አንጽፍም፤ በሽታ የግል ነው፣ ከተማውም ትንሽ ነው። ወር ሲሞላ ደብተሩን ገልጠን ስናይ የሚመላለሱት ጥቂት መድኃኒቶች ሆነው ተገኙ፦ የደም ግፊት ኪኒን፣ የስኳር ኪኒን፣ የአስም መንፊያ፣ የልጆች ሽሮፕ። ልዩ መድኃኒት የለበትም። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ገጽ በገጽ አሳየን። ያን ዕለት «አልፎ አልፎ» ያለ ሰው አልነበረም። ፋርማሲስቱም ሳይቀር «ግዥው ሲጠየቅ መጠኑ እንዲህ መሆኑን የሚያሳይ ነገር እኔም ቸግሮኝ ነበር» አለን። ከቀጣዩ ግዥ ሦስቱ ገቡ። የአስም መንፊያው አንድ ወር ይገኛል፣ በሌላው ይጠፋል፤ ደብተሩ እስካሁን ክፍት ነው።

ይህን የማነሣው ባለሙያ ለመክሰስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለሙያውም ከእኛው ጋር ነው የሚቸገረው። በቃል የሚነገር ምሬት ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ቀንና መጠን ያለው ደብተር የግዥ እቅድ ውስጥ ይገባል።

የጤና መድን መክፈል የማይችሉና በነጻ የሚታቀፉት እንዴት ይመረጣሉ?

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚያጣላንም ይኸው ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር፤ ዱርቤቴ ላይ የተጀመረው ነገር ዛሬ ሁላችንም ደጅ ደርሷል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ቤተሰቡ በደብተሩ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት፣ በአሠራሩ ቋንቋ «የደሃ ደሃ» ለሚባሉት፣ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ወይም ከተማው ይሸፍናሉ። ችግሩ ለከተማው የሚፈቀደው ቁጥር ሁልጊዜ ከችግረኛው ቁጥር ያንሳል።

ቀጠናዎች ስም ያወጣሉ፣ ቀበሌው ያጣራል፣ ከዚያ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ በመጨረሻ ወደ ከተማው ይላካል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ይቅርብሽ ብባል ሕዝብ ፊት ማንበቡን አልተውም። ቢሮ ውስጥ ተጽፎ ቢሮ ውስጥ የሚጸድቅ ዝርዝር የሰው ዓይን አያየውም፤ ያላየው ዝርዝር ላይ ደግሞ የሞተ ሰው ስም አግኝተናል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ዝርዝሩን አነብባለሁ። የአንድ አረጋዊ ስም ላይ ስደርስ ራሳቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ የእኔን ሰርዢው። ልጅ አለኝ፣ ይልክልኛል። በእኔ ቦታ ከቤቴ ጀርባ ያለችውን አስገቡልኝ» አሉ።

«ማን ትባላለች፣ ጋሼ?»

«ስሟን አላውቅም። ሌሊት ሳሏን ነው የምሰማው።»

አዳራሹ ዝም አለ። እኛ ያን ቀጠና ቤት ለቤት ዞረነዋል ብለን ቃለ ጉባኤ ፈርመናል። በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ሄድን። ዋናውን ግቢ አልፎ፣ ከኩሽናው ጎን፣ በሩ ከቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል አለ። ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ከገጠር የመጣች ሴት ናት። አከራይዋን ላለማስቀየም ሰው ሲመጣ አትወጣም፤ ዞር ዞር ስንል «ማነው?» ብለን የጠየቅነው አከራይዋን ብቻ ነበር። አክታዋ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። የነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፤ መድን አይጠይቅም፣ ዝርዝርም አይጠብቅም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንዲሁ። እርሷ ብር ሲኖራት ልትታከም ነበር እያሰበች ያለችው። ስድስት ወር መድኃኒቷን ወስዳ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት ስንዞር መጠይቃችን ላይ «በግቢው ውስጥ ሌላ የሚያድር ሰው አለ ወይ?» የሚል መስመር ጨምረናል።

ስሜ ከዝርዝሩ ቀርቷል። ምን ላድርግ?

ዝርዝሩ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ቅሬታ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ቀኑ እዚያው ማስታወቂያው ሥር ይጻፋል። በጽሑፍ ያመልክቱ። መጻፍ ካልቻሉ እኛ ጋ ይምጡ፣ እንጽፍልዎታለን፣ አናስከፍልም። «ችግረኛ ነኝ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ደካማ ነው። በቤቱ ስንት ሰው አለ፣ ማን ይሠራል፣ ምን ያህል ኪራይ ይከፈላል፣ የታመመ አለ ወይ፣ ይህ ይጻፍ። ከማመልከቻው አንድ ቅጂ ቀን አስጽፈውና የተቀበለውን አስፈርመው ይያዙ። ቅጂ ያልያዘ ሰው ሲከራከር ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ብዙ ሰው አልቅሶ ሲመለስ አይቻለሁ፣ አብዛኛው በዚህች ወረቀት ምክንያት ነው።

ስምዎ ዘንድሮ ቢካተት ለከርሞም ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ እድሳት አለው። ደብተሩን ፌስታል ውስጥ ጠቅልለው አስቀምጠው ሲታመሙ ሲያወጡት ጊዜው አልፎበት የሚያገኙት እናቶች በየዓመቱ አሉ። ብዙውን ጊዜ ምዝገባውና እድሳቱ ከመኸር በኋላ ስለሆነ አዝመራ ሲሰበሰብ ደብተርዎን አውጥተው ይዩት።

ተከራይ ነኝ፣ የቀበሌው መታወቂያ የለኝም። ለእኔም ትከራከራላችሁ?

አዎ። ከአከራይ የተጻፈ ወረቀት፣ ከሁለት ጎረቤት ምስክርነት ጋር፣ እኛ ራሳችን ሄደን ያየነውን ጨምረን እናቀርባለን። የፋይዳ ቁጥር ካለዎት ይረዳል። አከራዩ ወረቀት አልጽፍም ካለ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ያናግርልናል፤ ያለ ዕድር አንሠራም ያልኩት እንዲህ ላለው ነው። ለእኛ የሚዘጋ በር ለዕድሩ ዳኛ ይከፈታል።

የቆሎ ተማሪዎችስ? እነሱን የሚያያቸው አለ?

ይህን የጠየቁኝ አንድ የኔታ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር እስኪጠይቁኝ ድረስ አላሰብንበትም ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ከሸዋም ከወሎም ከጎንደርም ልጅ ይመጣል። በከተሞቻችን ዳርም በየደብሩ ጎጆ ቀልሰው የሚማሩ አሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃችን የሚቆመውን ልጅ ቁራሽ ሰጥተን እንሸኘዋለን። ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር አንጠይቅም።

ጤና መድኑ የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። እርሱ እዚህ ቤተሰብ የለውም። መታወቂያ የለውም። ወላጆቹ የት እንዳለ እንኳ የማያውቁበት ጊዜ አለ፤ ስሙም የቅኔ ቤት ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም መዝገብ ውጭ ነው። የሚታመመው ደግሞ በሚታወቅ ነገር ነው፦ እከክ፣ ተስቦ፣ ክረምት ላይ ሳል፣ ከሁሉም ይልቅ ደጅ ሲዞር የውሻ ንክሻ።

እኛ የጀመርነው በትንሹ ነው። የኔታ የተማሪዎቹን ስምና ቁጥር ይይዛሉ፤ በየወሩ የጤና ኤክስቴንሽኗ ጉባኤ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። የእከክ መድኃኒት ለሁሉም በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ለአንዱ ብቻ ከተሰጠ በሳምንቱ ከጓደኛው መልሶ ይይዘዋል። የውሻ ንክሻ ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንዲታጠብና ልጁ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም እንዲመጣ ለተማሪዎቹ አስተምረናል። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ተነክሶ ጓደኞቹ ትምህርቱን ሰምተው ነበርና አጥበው፣ ተሸክመው፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ አመጡት። የኔታ ከኋላ በዱላቸው እየተመረኮዙ ደረሱ።

ለምክር ቤቱ ያቀረብነው ጥያቄ ደግሞ ተማሪዎቹ በጉባኤ ቤቱ ስም እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥረው በነጻ እንዲታቀፉ ነው። መልስ አላገኘንም። በየስብሰባው እናነሣዋለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ስለ እነርሱ ሲነሣ «ለማኝ ልጆች» የሚል ሰው አለ። ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ የምንሰማውን ቅዳሴና ቅኔ ያደረሱን እንዲህ ቁራሽ ለምነው የተማሩ ናቸው።

ጎጃም የጥጋብ አገር አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ይህች አባባል ብዙ ጎድታናለች። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ማሩም እውነት ነው። በ1997 ዓ.ም. የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ስለነበር አብዛኛው ጎጃም «ትርፍ አምራች» ተብሎ ከዚያ ውጭ ሆነ። ከእርሻ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ በቀን ሥራ የሚያድረው ሰው ግን ማሳ የለውም። ጤፍ ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል፣ እርሱ ይራባል። ጤፍ በተጫነ አይሱዙ ሥር ጆንያ እየተሸከመ የዋለ ልጅ ማታ የሚበላው ቆሎ መሆኑን የማያውቅ ካለ የአውቶቡስ መናኸሪያችንን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይይ።

ለበጀት የምትከራከሩት መቼና እንዴት ነው?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ጥያቄ ይዞ ነሐሴ ላይ የሚመጣ ሰው «ለከርሞ» ይባላል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቶቹ እቅድ በሚያዘጋጁበት ጊዜ፣ ከጥር ጀምሮ፣ ጥያቄያችን በእጃቸው መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ባክኖብናል።

ብዙ ጥያቄ አንድ ላይ አናቀርብም። አንድ ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ውሃ ብቻ ጠየቅን። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መምህራን የስም መጥሪያቸውን አውጥተው የሴቶቹን ልጆች መቅረት በቀን ለይተው ቆጠሩልን፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ ሳይነገር ይታወቃል። ያንን አንድ ገጽ ወረቀት አያይዘን ሰጠን። በጀት ተያዘ፤ ቧንቧው ተዘረጋ። በሮቹ ግን አሁንም ከውስጥ አይቆለፉም፤ የዘንድሮ ጥያቄያችን ቁልፍ ነው።

አካል ጉዳተኛ ነኝ፣ ወደ ቢሮው መውጣት አልችልም።

ስለ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መሆን አለባቸው ይላል። የእኛ ከተማ ብዙ ቢሮዎች ይህን አያሟሉም። ራምፑ እስኪሠራ ድረስ ባለሙያው ወደ ታች እንዲወርድ እናስደርጋለን፤ ይደውሉልን ወይም ሰው ይላኩ። ሰው ጀርባ ላይ ታዝሎ ፎቅ መውጣት የለበትም።

ልጅ ሲደፈር ወይም ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ሲሆን ታስታርቃላችሁ?

በፍጹም። በአገራችን ሽምግልና ክቡር ነው፣ እኔም ከሽማግሌዎች ጋር ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ ይህ ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም። ወንጀል ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፣ ከዚያ በታች ላለች ልጅ የሚጣል ድንኳን ካወቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስና ለሴቶች ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የተደፈረች ልጅ ወይም ሴት ካለች በመጀመሪያ ጤና ተቋም ትሂድ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች በተለይ ማንም የላቸውም፤ አሠሪው «እኛው ቤተሰብ ነን፣ እንጨርሰዋለን» ቢል አይስሙ።

መንገድ ሲዘጋ፣ ግጭት ሲሆን ምን ትሠራላችሁ?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በሆነው ምክንያት ስብሰባ የተበተነበት፣ ስልክ የጠፋበት፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ አለ። የማንንም ወገን ጉዳይ አንነካም። የእርጉዞችን፣ የስኳርና የግፊት ታማሚዎችን፣ የብቸኛ አረጋውያንን ዝርዝር በወረቀት በሁለት ቅጂ በሁለት ቤት እናስቀምጣለን፤ እያንዳንዱ አባል በእግር የሚደርስባቸውን ጥቂት ቤቶች ይይዛል።

ጽሕፈት ቤቱ መልስ ካልሰጠንስ?

በመጀመሪያ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በጽሑፍ። መረጃ ከተከለከሉ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥት የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የአስተዳደር በደል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ለአቤቱታ ክፍያ የለውም። ያቺ ቀን ያለባትና የተፈረመባት ቅጂ እዚህም ታስፈልጋለች።

እናንተንስ ማን ይቆጣጠራል?

መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። የዘመዱ ስም ሲነሣ አባሉ ከክፍሉ ይወጣል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ወጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። ትንሽ ከተማ ነው፣ ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ግማሻችን በረንዳ ላይ እንቆማለን። ቃለ ጉባኤው ለማንም ክፍት ነው። አባልነት በሁለት ዓመት ይቀየራል፤ ይህን የወሰነው ኮሚቴው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባል ለማስመዝገብ ብር ተቀብሏል ተብሎ ተጠቆመ፤ ተጣራ፣ እውነት ሆነ፣ ተሰናበተ፣ ለፖሊስ ተላለፈ። በእርሱ ተመዝግበው የነበሩት ሦስት ቤተሰቦች ግን በእርግጥ ችግረኞች ስለነበሩ አልሰረዝናቸውም።

በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም፣ ወይም ስሙ ብቻ ነው ያለው። ከየት እንጀምር?

ከማኅተምና ከጽሕፈት ጠረጴዛ አይጀምሩ። አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል፦ አንድ የዕድር ዳኛ፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን፣ አንድ ገበያ የምትውል ሴት፣ አንድ ጽሕፈቱ የሚነበብ ወጣት። ለቀበሌው በደብዳቤ አሳውቁ፤ ሳያውቅ የጀመራችሁት ነገር ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። አንድ ቀጠና ብቻ ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ቤቱ ይገኛል፣ የቀን ሠራተኛውም ክፍያውን ተቀብሎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ዙሩ። ደብተራችሁ ላይ አምስት ነገር ይስፈር፦ የቤቱ አቀማመጥ፣ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ የታመመ መኖሩ፣ ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ መኖሩ፣ የመድን ደብተሩ የታደሰበት ቀን። አከራዩን ካናገራችሁ በኋላ እንዲፈቅድላችሁ ጠይቃችሁ ወደ ጓሮ እለፉ፤ በሩ ዝግ ከሆነ በማግስቱ ተመለሱ።